ኮባልት ክሮም ወይስ ሌላ? ለመገጣጠሚያና ለጥርስ ሥራ ብረት ሲመረጥ

"ኮባልት ክሮም" በሚል አንድ ስም በጣም የሚለያዩ ብረቶች ይሸጣሉ። የጉልበት መገጣጠሚያ የሚሠራበት፣ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት የሚሠራበትና የተነቃይ ጥርስ ፍሬም የሚፈስበት ቅይጥ ሁሉም በዚሁ ይጠራሉ። አንደኛው ኒኬል የለውም በሚባል ደረጃ ላይ ነው፤ ሌላኛው ከሲሶው በላይ ኒኬል ነው። ስለዚህ "ኮባልት ክሮም ይሻላል ወይስ ቲታኒየም?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ከመስጠት በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ ግድ ነው፦ ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ምን ሊሠራ ነው? የትኛውስ ኮባልት ክሮም ነው?

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ብረቱ የሚፋተግ ከሆነ፣ ወይም ቀጭን ሆኖ መታጠፍ ከሌለበት፣ ኮባልት ክሮም ተመራጭ ነው። አጥንት በቀጥታ እንዲይዘው ከተፈለገ ቲታኒየም ይቅደም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተቆላልፈው የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ ዋናው ፈተና ያለው መጋጠሚያቸው ላይ ነው፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

በስሙ ውስጥ ያለው

ለመገጣጠሚያ የሚውለው ዋናው ቅይጥ ኤኤስቲኤም በተባለው የአሜሪካ የመስፈርት ድርጅት ኤፍ 75 መስፈርት ይሠራል። ክሮሚየሙ ከ27 እስከ 30 በመቶ፣ ሞሊብዲነሙ ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ ኒኬሉ ከ0.5 በመቶ በታች፣ ካርቦኑ ቢበዛ 0.35 በመቶ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ኮባልት ነው። ይህ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈሰው ነው። ተመሳሳይ ቅይጥ በሙቀት እየተጨመቀና እየተዳመጠ ሲዘጋጅ ኤፍ 1537 ይባላል። ኤፍ 90 ግን ሌላ ነው፦ ክሮሚየም 20፣ ተንግስተን 15፣ ኒኬል 10 በመቶ ገደማ አለው። ኤፍ 562 ደግሞ ኒኬሉ 35 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱም ስቴንት ላይ ይገኛሉ።

የጥርስ ቅይጦች አይኤስኦ በተባለው ዓለም አቀፍ የመስፈርት ድርጅት 22674 መስፈርት ይመራሉ። በዚህ መስፈርት አንድ ቅይጥ "ኒኬል የለሽ" መባል የሚችለው ኒኬሉ ከ0.1 በመቶ ካልበለጠ ነው። ቤሪሊየምና ካድሚየም እያንዳንዳቸው ከ0.02 በመቶ ማለፍ የለባቸውም። እነዚህ ቁጥሮች በጥቅሉ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ካልተጻፉ ያንን ብረት አለመግዛት ነው።

ዝገት የሚከላከለው ክሮሚየሙ ነው። ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው ክሮሚየም ኦክሳይድ በብረቱ ፊት ላይ ያነጥፋል። ሲቧጨር ወዲያው ራሱን ይጠግናል። የሚሸነፈው ኦክስጅን በማይደርስበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ በተለይ እዚያው መፋተግ ሲጨመርበት ነው። ሞሊብዲነሙ የገባው በአብዛኛው ለዚህ ዓይነቱ የጉድጓድ ዝገት መከላከያ ነው።

ብረቱ ዕድሜ ጠገብ ነው። ኤልውድ ሄይንስ የኮባልትና ክሮሚየም ቅይጡን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነበር። በ1930ዎቹ ቪታሊየም በሚል ስም መጀመሪያ ወደ ጥርስ ሥራ ገባ፤ በ1938 ስሚዝ ፒተርሰን የተባለው የአጥንት ሐኪም የዳሌ ጽዋ ሠራበት። የጥርስ ላብራቶሪው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ቀድሞታል ማለት ነው።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብብ

ሞጁለስ የሚባለው የግትርነት መለኪያ ለኮባልት ክሮም ከ210 እስከ 240 ጊጋፓስካል ነው። ለማይዝገው ብረት 316ኤል ከ190 እስከ 200፣ ስድስት በመቶ አሉሚኒየምና አራት በመቶ ቫናዲየም ላለው ቲታኒየም 110 ገደማ ነው። ጠንካራው የአጥንት ክፍል ደግሞ ከ10 እስከ 30 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ክብደትን ካየን ኮባልት ክሮም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.3 ግራም፣ ቲታኒየሙ 4.4 ግራም ይመዝናል።

ግትርነትንና ጥንካሬን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው። ቀልጦ የፈሰሰው ኤፍ 75 በቋሚነት መጣመም የሚጀምርበት ዝቅተኛ መስፈርት 450 ሜጋፓስካል ብቻ ሲሆን የቲታኒየሙ 795 ነው። በሙቀት የተዳመጠው ኤፍ 1537 ግን 827 ይደርሳል። ቅይጡ ሳይቀየር በአሠራሩ ምክንያት ብቻ ልዩነቱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። "ኮባልት ክሮም ጠንካራ ነው" የሚል ሻጭ ሲያጋጥም "እንዴት የተሠራው?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ግትርነቱ ለምን እንደሚጠቅም በቀላል ስሌት ይታያል። የአንድ ዝርግ ብረት መታጠፍን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ኩብ ጋር አብሮ ያድጋል። የቲታኒየም ሞጁለስ የኮባልት ክሮም ግማሽ ስለሆነ፣ እኩል ለመቋቋም ውፍረቱ 1.26 እጥፍ መሆን አለበት። በተነቃይ ጥርስ ላይ ላንቃን የሚሸፍን 0.5 ሚሊሜትር የኮባልት ክሮም ሰሌዳ በ0.63 ሚሊሜትር ቲታኒየም ይተካል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ምላስ ግን ይቺን አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ታውቃለች።

ዳሌና ጉልበት

ቲታኒየም ለመፋተግ የተሠራ ብረት አይደለም። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ይላጣል፣ ጥቁር ብናኝ ያወጣል። ስለዚህ በዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቱ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ሲሚንቶ ካልተጠቀመ ብዙውን ጊዜ ቲታኒየም ይሆናል፤ የሚሽከረከረው ኳስ ግን ወይ ኮባልት ክሮም ወይ ሴራሚክ ነው። በሲሚንቶ ለሚያዘው ዘንግ ነገሩ ይገለበጣል፦ ዘንጉ ሲታጠፍ ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ ግትሩ ብረት ይመረጣል።

በኮባልት ክሮም ኳስና በሴራሚክ ኳስ መካከል ሲመረጥ መታየት ያለበት ኳሱ ከዘንጉ ጋር የሚቆለፍበት ሾጣጣ አንገት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ በማይክሮን የሚለካ እንቅስቃሴ አለ። እንቅስቃሴው ኦክሳይዱን ይፍቃል፣ ክፍተቱ ውስጥ ኦክስጅን የለም፣ ፈሳሹ አሲዳማ ይሆናል፣ ኮባልትና ክሮሚየም እየሟሙ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ኳስ ሲነቀል የውስጥ ቀዳዳው ግድግዳ ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሮ ይታያል፤ ውጪው ግን አሁንም እንደ መስታወት ያበራል። ኳሱ በሰፋ ቁጥር፣ ማለትም ከ28 ወደ 36 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሄድ፣ አንገቱ ላይ የሚደርሰው ጠመዝማዛ ጉልበት ይጨምራል። ለወጣትና ብዙ ለሚንቀሳቀስ ታካሚ፣ ትልቅ ኳስ ከተፈለገ፣ ሴራሚክን እንመርጣለን። ለአዛውንት፣ በ28 ወይም በ32 ሚሊሜትር ኳስ፣ ከተጠናከረ ፖሊኢትሊን (ፕላስቲክ) ጽዋ ጋር ኮባልት ክሮም ዛሬም በቂ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ አንገቱ ከመገጠሙ በፊት ከደም፣ ከስብና ከአጥንት ብናኝ ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ በቀጥታ መስመር በደንብ ተመትቶ ይቆለፋል። ሁለት አምራቾች አንገታቸውን "12/14" ብለው ስለጠሩት ብቻ አንዱን ከሌላው ጋር ማጋጠም አይቻልም፤ የማዕዘኑና የፊቱ ልስላሴ ልዩነት በስሙ ውስጥ አይታይም።

እዚህ ላይ ሊረሳ የማይገባ አንድ ጉዳይ አለ። የሴራሚክ ኳስ ተሰብሮ ታካሚው ዳግመኛ ሲከፈት የኮባልት ክሮም ኳስ መተካት አደገኛ ነው። የሴራሚኩ ስብርባሪ ምንም ያህል ቢታጠብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የቀረው በፖሊኢትሊኑ ውስጥ ተሰክቶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በደም ውስጥ ያለው ኮባልት እጅግ ከፍ ይልና ልብን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ መስማትንና ማየትን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ጊዜ አዲሱም ኳስ ሴራሚክ መሆን አለበት፤ ዘንጉ ካልተቀየረ ደግሞ በተጠቀመው አንገት ላይ ቀጭን የቲታኒየም ቀለበት መሰል ሽፋን ይለበሳል።

ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከረው አሠራር፣ ኳሱም ጽዋውም ኮባልት ክሮም የሆነበት፣ ዛሬ እንደ ተራ ምርጫ መቅረብ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲፑዩ የተባለው ኩባንያ የሠራው እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ፣ ኤኤስአር፣ ከገበያ ሲሰበሰብና የብሪታንያው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ምክንያቱ በጥቃቅን ብናኝ የተነሳ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሚደርሰው የሥጋ መጎዳት ነበር። ተቆጣጣሪው የክትትል ወሰን አድርጎ ያስቀመጠው በአንድ ሊትር ደም 7 ማይክሮግራም ኮባልት ወይም ክሮሚየም ነው። ያኔ የገባላቸው ታካሚዎች ምርመራ ሲደረግላቸው ደሙ ለጥቃቅን ማዕድናት በተዘጋጀ ቱቦ መወሰድ አለበት፤ በተራው ቱቦ የተወሰደ ናሙና ከቱቦው በሚመጣ ብረት ሊበከል ይችላል።

ጉልበት ላይ ነገሩ ይቀላል። የጭን አጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ክፍል በአብዛኛው ኮባልት ክሮም ነው፣ እንዲህም መሆኑ ተገቢ ነው። ከተለመደው ወጥተን በገጹ ላይ 5 ማይክሮን ያህል ሴራሚክ የተሠራለትን ኦክሲዳይዝድ ዚርኮኒየም ወይም የታይታኒየም ናይትራይድ ሽፋን ያለውን የምንጠይቀው የታካሚው የኒኬል አለርጂ ከባድ ሲሆን ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የአለርጂ ምርመራ ተከላው ውስጥ ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት አይተነብይም፤ ብቻውን ውሳኔ አያሰጥም።

ስቴንት ላይ ውሳኔው አጭር ነው። ከ316ኤል የተሠሩት ቀደምት ስቴንቶች ክራቸው 130 እስከ 140 ማይክሮን ይወፍር ነበር፤ በኮባልት ክሮም ወደ 80 እና 90 ወርዷል፣ በኤክስሬይም በደንብ ይታያል። ለአከርካሪ ዘንግ ደግሞ ኮባልት ክሮም የተቃናውን ጥምዝ አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ጫናውን በሁለቱ ጫፍ ላሉት ብሎኖችና አጥንት ያስተላልፋል። አጥንቱ የሳሳ ከሆነ ቲታኒየም ይሻላል።

የተነቃይ ጥርስ ፍሬም

ኮባልት ክሮም ይበልጥ የሚታወቅበት ቦታ ይሄ ነው፤ ብዙ የሚሰበረውም እዚሁ ነው።

ጥርስን የሚያቅፈው ክላስፕ ሲገባና ሲወጣ መለጠጥ አለበት። ብረቱ ግትር ስለሆነ ከጥርሱ ሆድ በታች ባለው ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ ጫፉ የሚገባው 0.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወርቅ ወይም ቲታኒየም ቢሆን እስከ 0.5 ሚሊሜትር ይፈቀዳል። የክላስፑ ክንድ ርዝመትም 15 ሚሊሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ ስለዚህ ሙሉ ክብ ክላስፕ ለመንጋጋ ጥርስ ይመቻል፣ አጭር ለሆነው ከፊት መንጋጋ ቀድሞ ላለው ጥርስ ግን ይከብዳል። እዚያ ላይ የተሳበ ሽቦ ወይም ከድድ በኩል የሚመጣ ክላስፕ ይመረጣል። ለታችኛው መንጋጋ በምላስ በኩል የሚያልፈው ዘንግ ቁመቱ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ሆኖ ከድዱ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ይህ ሁሉ ቦታ ከሌለ ዘንጉን ከማቅጠን ይልቅ ወደ ዝርግ ሰሌዳ መለወጥ ይሻላል።

የተሰበረ ክላስፕ በማጉያ ሲታይ ምክንያቱ ይነበባል። ስብራቱ ከትከሻው ላይ ሆኖ መሀሉ ላይ ለስላሳ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ጉድጓድ ካለ በሚፈስበት ጊዜ የገባ ጋዝ ወይም ሲቀዘቅዝ የቀረ ባዶ ቦታ ነው። ጉድጓድ ከሌለውና አፉ ሻካራ ሆኖ ክሪስታሎቹ ከተለዩ በተደጋጋሚ በፒንሳ ታጥፏል ማለት ነው። የፈሰሰ ኮባልት ክሮም ሲታጠፍ ቶሎ ይጠነክራል፣ ከዚያ በድንገት ይበጠሳል። ማስተካከያ አንድ ጊዜ፣ በጥቂቱ፣ በለስላሳ አፍ ፒንሳ ብቻ ነው። ፍሬሙ "ላላ" እየተባለ በየጉብኝቱ ክላስፑን ማጥበቅ ስብራትን መጥራት ነው።

የላይኛው ፍሬም ትልቅ ሲሆንና ታካሚው ክብደት ሲያማርር ቲታኒየም ይታሰብ። ግን ቲታኒየምን ማፍሰስ ልዩ ማሽን ይጠይቃል፤ ሲቀልጥ ኦክስጅን ስለሚስብ ፊቱ ላይ ተሰባሪ ቅርፊት ይፈጥራል። በዚህ ምክንያት መፍለጥ (ከጠጣር ብረት በማሽን ቀርጾ ማውጣት) ወይም በሌዘር ማተም ይመረጥለታል።

ፖርሰሊን የሚለብስ የጥርስ ቆብ (ክራውን) እና ድልድይ

እዚህ የሚወዳደሩት ኮባልት ክሮም፣ ኒኬል ክሮም፣ ወርቅ ነክ ቅይጥና ዚርኮኒያ የተባለው ነጭ ሴራሚክ ናቸው። ኒኬል ክሮም ለማፍሰስና ለመሞረድ ይቀላል፣ ፖርሰሊንም ይይዛል። ግን ኒኬሉ ለአለርጂ፣ ቤሪሊየም ያለበት ዓይነት ደግሞ ለባለሙያው ሳንባ ስለሚያሰጋ ኮባልት ክሮም ሊተካው ይገባል ብለን እናምናለን። ወርቅ ነኩ በጠርዝ አገጣጠም ይበልጣል፤ ክብደቱ ግን እጥፍ ስለሚደርስ በአንድ ግራም የሚሠራው ክራውን ያንሳል። ዚርኮኒያ ለፊት ጥርስ ውበት ይቀድማል። ረጅም ድልድይ ሆኖ ጥርሱ አጭር ከሆነና ለማያያዣው ቁመት ከሌለ ግን ብረት ይቅደም፤ ቁመት ያጣ ዚርኮኒያ ማያያዣው ላይ ይሰበራል።

የሙቀት መስፋፋት መጣጣም አለበት። የኮባልት ክሮም ከ14 እስከ 14.5 ማይክሮሜትር በሜትር በየዲግሪው ነው። ፖርሰሊኑ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ጨምቆ እንዲይዘው። ለዚርኮኒያ የተሠራ ፖርሰሊን 10 አካባቢ ስለሆነ እዚህ ላይ ቢለብስ ይሰነጠቃል። አይኤስኦ 9693 የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመያዝ ጥንካሬ 25 ሜጋፓስካል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይሄዳል። ኮፒንጉ (ፖርሰሊኑ የሚለብስበት የብረት ቆብ) ከ0.3 ሚሊሜትር መሳሳት የለበትም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በካርባይድ ቡር ይሞረዳል፤ ወዲያና ወዲህ ከተባለ የተቆለመመ የብረት ልጣጭ አየር አፍኖ በኋላ ፖርሰሊኑ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ከዚያ 110 ማይክሮን በሆነ አሉሚኒየም ኦክሳይድ በ3 እስከ 4 ባር ይነፋል፣ በእንፋሎት ይታጠባል፣ ከዚያ በጣት አይነካም። የኦክሳይድ ቃጠሎ አምራቹ ካዘዘ ከ950 እስከ 980 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደረጋል። ቀለሙ ወጥ ሆኖ ካልወጣ ብረቱ ቆሻሻ አለበት፤ ተነፍቶ ይደገማል። ኮባልት ክሮም ጥቁርና ወፍራም ኦክሳይድ የመፍጠር ዝንባሌ አለው፤ ፖርሰሊን የሚላጠው ብዙ ጊዜ ራሱ ኦክሳይዱ ውስጥ ተሰንጥቆ ነው። የተላጠው ቁራጭ ጀርባው ጥቁር ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው። ብረቱ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ረጅም ድልድይ ከምድጃ ሲወጣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

ማፍሰስ፣ መፍለጥ ወይስ በሌዘር ማተም

ማፍሰስ ርካሽ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ስህተት የሚበዛውም በእሱ ነው። ብረቱ ሲረጋ 2.3 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፣ ወርቅ 1.4 ብቻ ነው፤ ይህን የሚያካክሰው በፎስፌት የተያዘ ኢንቬስትመንት (የማፍሰሻው ቅርጽ የሚሠራበት ዱቄት) እንጂ ጂፕሰም አይደለም። ጂፕሰም በዚህ ሙቀት ተበትኖ ድኝ ወደ ብረቱ ያስገባል። ክሩሲብሉ (የማቅለጫው ዕቃ) ሴራሚክ ይሁን፣ ለዚህ ቅይጥ ብቻ ይለይ። በካርቦን ክሩሲብል ከቀለጠ ካርቦን ጠጥቶ ተሰባሪ ይሆናል። ያገለገለ ብረት መቀላቀል አይመከርም።

በሌዘር የሚታተመው ከ20 እስከ 50 ማይክሮን በሆነ ንብርብር ይገነባል። ክሪስታሉ ደቃቅ ስለሆነ ከፈሰሰው ይበልጥ ይጠነክራል። አደጋው ውስጡ የታመቀው ውጥረት ነው፦ ከማተሚያው ሰሌዳ ላይ ከመቆረጡ በፊት በአርጎን ውስጥ የሙቀት ማርገቢያ ካልተደረገለት ልክ ሲቆረጥ ይጣመማል፣ ባለ ብዙ ክራውን ድልድይ አይቀመጥም። ለረጅም ድልድይና ለፍሬም ዛሬ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ግን የማርገቢያው መዝገብ ከሥራው ጋር እንዲመጣ እንጠይቃለን።

ከጠንካራ ዲስክ መፍለጥ በጥራት አስተማማኝ ነው፣ ቡሩን ግን ቶሎ ይጨርሳል። ከለስላሳ ዲስክ ተፈልጦ በአርጎን የሚጠበሰው ወደ 10 በመቶ ስለሚጨማደድ ለክራውንና ለአጭር ድልድይ ይሁን።

በጥርስ ኢምፕላንት ላይ

አጥንት ውስጥ የሚተከለው ብሎን ኮባልት ክሮም መሆን የለበትም፤ ለዚያ ቲታኒየም ወይም የቲታኒየምና ዚርኮኒየም ቅይጥ አለ። በላዩ የሚቀመጠው ዘንግ ወይም ድልድይ ግን ኮባልት ክሮም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በኦክሳይድ የተሸፈኑ ስለሆኑ አብረው ይስማማሉ፣ ከኒኬል ክሮም በተሻለ። የሚያስፈልገው ያለ ጫና መቀመጥ ነው፦ አንዱን ዳር ብሎን ብቻ አጥብቆ ሌላው ዳር ከተነሳ ፍሬሙ ልክ አይደለም። ኮባልት ክሮም አይለጠጥም፣ ብሎኑ ወይም አጥንቱ ይከፍላል።

ደህንነትና ጥገና

በአውሮፓ ኅብረት ኮባልት ከጥቅምት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካንሰር ሊያመጡና መራባትን ሊጎዱ ከሚችሉ ንጥረ ነገሮች ምድብ 1ቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከ0.1 በመቶ በላይ ኮባልት ያላቸው ብዙ መሣሪያዎች መለያ ያስፈልጋቸዋል። በአፍ ውስጥ ከተወለወለ ፍሬም የሚሟሟው መጠን ጥቂት ነው፤ መስፈርቱ በ7 ቀን በካሬ ሴንቲሜትር ከ200 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። ከባዱ አደጋ የሚሞርደው ባለሙያ ላይ ነው። ብናኙ ሳንባ ያቆስላል፤ መምጠጫ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ መሞረድ አይገባም፣ የወረቀት ጭምብልም ለዚህ አይበቃም።

ኤምአርአይ አያስከለክልም፣ ነገር ግን ከቲታኒየም የሰፋ ጥላ በምስሉ ላይ ይጥላል። ተነቃይ ፍሬም ከምርመራ በፊት ይውለቅ። ፍሬሙን በበረኪና ውስጥ ማሳደር ብረቱን ያጠቁረዋል፣ ክላስፑንም ይበላዋል፤ ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና ይበቃል።

የቅይጡ ሙሉ ስም፣ የአምራቹ ስምና የሎት ቁጥር በታካሚው ካርድ ላይ ይጻፍ። ከዓመታት በኋላ ክላስፕ ተሰብሮ ሲመጣ በሌዘር የሚበየድበት ሽቦ ከዚያው ዓይነት ቅይጥ መሆን አለበት፤ ካርዱ ላይ "ብረት" ብቻ ከተጻፈ ግን ያለው አማራጭ ፍሬሙን እንደገና መሥራት ነው።